የናንትካዱን ትምህርት ቤት ይዘጋ ያሉት የወይዘሮ ማርገድ ፕሪዘርች የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማርገድ ፕሪዘርች ከድንጋይ ካባ ሠራተኛው ከአቶ ግሪፍ ሂዩዝ እና ከወይዘሮ ሎውሪ፣ በዌልስ፣ በብሮዌን ካውንቲ፣ በናንትካዱ መንደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1919 ተወለዱ። በመንደራቸው ትምህርት ቤት ተምረው እዚያው አስተማሪ ሆኑ። በ1946 ከበግ አርቢው ከአቶ ኢድወል ፕሪዘርች ጋር በጸሎት ቤታችን ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1955 ለካውንቲው ምክር ቤት ተመረጡ፤ ኋላም በሰብሳቢነት ወንበር የተቀመጡት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

በ1967 ኅዳር ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ተዳፋቱ ላይ ያለው፣ ከድንጋይ ካባው እየወጣ የተጣለው የድንጋይ ክምር ተሰነጠቀ። ግማሹ ሰው ይናዳል አለ፤ ግማሹ ደግሞ ከአያቶቻችን ጀምሮ የቆመ ነው፣ ምክር ቤቱ መንደራችንን ሊያጠፋ ምክንያት ሲፈልግ ነው አለ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋ አይዘጋ ተብሎ ድምፅ በተሰጠበት ዕለት አዳራሹ በሕዝብ ጢም አለ። ድምፁም እኩል ለእኩል ተከፈለ። የሚለየው የሰብሳቢዋ ድምፅ ሆነ።

ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኤድነቨድ ከሰገነቱ ላይ ተነስተው፣ "ማርገድ! እናታችን ፊደል የቆጠረችበትን ቤት በእጅሽ ልትዘጊው ነው?" ብለው ጮኹ። እርሳቸው ቀና ብለው አላዩም።

"ይዘጋ" አሉ።

ክምሩ አልተናደም። በዚያ ዓመትም፣ በተከታዩም። ገበያ በወጡ ቁጥር "ማርገድ፣ ክምርሽ እንዴት አደረ?" የሚላቸው አይጠፋም ነበር። መስኮታቸው ላይ ጭቃ ተወርውሯል። በ1970 ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። በ1974 ካውንቲው ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋህዶ ምክር ቤቱ ሲፈርስ፣ የመጨረሻውን ስብሰባ ከኋላ ተቀምጠው ተከታተሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ወንድማቸው ሰላምታ ነስተዋቸው ነበር።

አቶ ኢድወል በ1976 ሲያርፉ አቶ ኤድነቨድ ለለቅሶ መጡ። በራፉ ላይ ቆመውም፣ "አሁንስ አይጸጽትሽም?" አሏቸው።

"ያኔ ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆች ዛሬ ጎርምሰው መንገድ ላይ ይሰድቡኛል" አሉ ወይዘሮ ማርገድ። "ይሰድቡኝ። በሕይወት አሉ አይደል?"

አቶ ኤድነቨድ ኮታቸውን አውልቀው ገቡ።

ወይዘሮ ማርገድ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1988 በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልጆቻቸውን ነስታንና ሎውሪን፣ እንዲሁም ዛሬ ሳጥናቸውን ከፊት ሆነው የሚሸከሙትን ወንድማቸውን ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ የቀረነውንም ያጽናን።