የአንደኛ ክፍል በርጩማ

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ዝናብ። ሦስት ልጆች አረፈዱ፤ አንዱ የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ መጣ። እንደ ወትሮው በበርጩማዋ ተጣሉ። የአንደኛ ክፍል በር መዙዛ ከፍ ብላ ነው የተሰቀለችው፤ የኦሪት ቃል የተጻፈበትን ጥቅል የያዘችው ማኅደር ከመቃኑ ላይኛው ሲሶ ላይ ትሁን ይላል የአይሁድ ሕጋችን። ልጆቹ ደግሞ ነክተው ጣታቸውን ካልሳሙ ቢሞቱ አይገቡም። ስለዚህ በርጩማ። የኔዋ ቲርጻ ሁለቴ ወጣችባት። "አንዱ ያንቺ ነው አያቴ፣ አንቺ ስልክ ስለያዝሽ" አለችኝ። ስድስት ዓመቷ! ለዚህ ለዚህማ የሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊነቴንም ትውሰደው።

ከሰዓት ሚልተን ዛስሎው መጣ። የቦርዱ ሰብሳቢ። "ሄንያ፣ የተማሪዎቹን ስም አትሚልኝ።"

"ለምን?"

"እንዲያው ለማየት።"

እንዲያው ለማየት የመጣ ሰው ክራቫት ያስራል? አሥራ ሰባት ስም። ሲያይ የነበረው ስሞቹን አይደለም፣ ከሥር የቀረውን ባዶ ወረቀት ነው።

እሑድ፣ ማርች 10

ትናንት ሰንበት፣ እስክሪብቶ አይነካም። ንዴቴን ይዤ አደርኩ።

ምኩራብ ውስጥ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ጨው የገባው ዓሣ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም አውቆታል። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። "ልጅ የለማ!" ይላል ሚልተን፣ አፉን ሞልቶ። ልጅ የለም? የራሱ ሁለት የልጅ ልጆች የት ነው የሚማሩት? ኮረብታው ላይ፣ መዋኛ ያለው ጋ! ነገርኩት። በሰው ፊት።

"እሱ የምራቴ ውሳኔ ነው" አለ።

ምስኪን ምራት። በዚያ ቤት ወጥ ቢያርርም በሷ ነው የሚሳበበው።

ግን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ዴቮራ፣ ልጄ፣ ጓዳ ጠራችኝ። "እማዬ፣ ከተዘጋ እኛ ክሊቭላንድ ነን። ቲርጻ የዕብራይስጥ ፊደሏን ሳታውቅ አታድግም።" ሦስት ሰዓት በመኪና። ምን ልበላት? እንዲህ እንድታስብ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ስደውል ዋልኩ። አምስት ልጅ ባገኝ ሃሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ... አንዷ "ትምህርት ቤታችሁ ጥሩ ነው ሄንያ፣ ግን የእግር ኳስ ቡድን የለውም" አለችኝ። "በአሥራ ሰባት ልጅ ቡድን ይወጣል፣ ተቀያሪም ይተርፋል!" አልኳት። ዘጋችብኝ።

አንድም አልተገኘ። ምናለ ምላሴን ብይዝ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10

ቦርዱ ድምፅ ሰጠ፤ ስምንት ለሦስት። ይዘጋል።

እያለቀሱ እጅ ያወጣሉ! አንዱማ መሐረቡ ያለበትን እጅ ነው ያወጣው።

ዴቮራ አልደወለችም። መደወል አያስፈልጋትም።

ሰኞ፣ ጁን 17

ሚልተን፦ "ሕንጻውን የዳንስ አስተማሪ ገዝታዋለች። መዙዛዎቹን አውርጂ።"

ሕግ ሕግ ነው። ተከትሎ የሚገባው አይሁዳዊ ከሆነ መዙዛ አይነቀልም፤ ካልሆነ ይወርዳል። "ሴትዮዋን ጠይቀሃታል?" አልኩት።

"ሄንያ፣ ስሟ ክሪስቲን ነው።"

"አይሁድነት በእናት ነው፤ እናቷስ ማን ትባላለች?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ!"

የምኩራባችን ራቢ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ቆየት ብሎ "ሄንያ፣ ሕጉን መደበቂያ አታድርጊው" አለኝ። አወቀብኝ። መዙዛዎቹ በሩ ላይ እስካሉ ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፣ እያልኩ ነበር ለራሴ...

አሥራ አራት በር። በካቻቢቴ፣ አንድ በአንድ። ከሥራቸው ቀለም ያልነካው ቀጭን እንጨት። የአንደኛ ክፍሏ ላይ አልደረስኩም። ቁመቴ ያው ነው። በበርጩማዋ ወጣሁ።

ከዚያ በርጩማዋን ብብቴ ሥር አድርጌ ከሕንጻው ወጣሁ። ሚልተን በር ላይ፦ "እሷ እኮ የሕንጻው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ አለች።"

"ክሰሰኛ!"

እሑድ፣ ኦገስት 4

ሄዱ። ዴቮራ፣ ባሏ ኤልዮት፣ ቲርጻ፣ ሁለት ድመት። "በወር አንዴ ትመጫለሽ አይደል እማዬ?" ክሊቭላንድን አልረግጥም አልኩ። ምዬአለሁ። ልጄን የወሰደ ከተማ ቡናዬን አይጠጣም፣ ቡናውንም አልጠጣም። ቲርጻ በኋላ መስኮት እጇን ስታወዛውዝ ነበር። እኔ ሳጥን የማነሳ መሰልኩ። ሳጥን አልነበረም።

በርጩማዋን ቤቴ በር አጠገብ አኖርኳት። ሁለቴ ተደናቀፍኩባት። የሚወጣባት ትንሽ ሰው የለም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ትናንት ምኩራብ ዘጠኝ ወንድ። አሥር ካልሞላ ኦሪቱ ከታቦቱ አይወጣም። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሚልተን በሩን በሩን ያያል። በመጨረሻ ለራሱ "ኤልዮት ቢኖር..." አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ አሁን ታወርድበታለች ብለው።

ዝም አልኩ። እኔ! አምሳ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ሽማግሌው አንገቱን ሲደፋ... ምን ይጠቅመኛል? ዓሣውን ሳንበላ ተበተንን።

ዛሬ ጠዋት ስልክ። ቲርጻ።

"አያቴ፣ እዚህ መዙዛዋ ሰማይ ላይ ናት። ትልልቆቹ ይዘላሉ። እኔን አስተማሪዋ ታነሳኛለች፣ ከዚያ ሕፃን ይሉኛል።"

"እነማን ናቸው? ስማቸውን ንገሪኝ።"

"አያቴ! በርጩማችን የት ናት?"

"እኔ ጋ።"

"በፖስታ ላኪልኝ።"

በፖስታ! አንድ እግሯ ይላላል፣ ሰብረው ነው የሚያደርሷት። ደግሞ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ከመቃኑ ምን ያህል ራቅ ብላ እንደምትቀመጥ ማሳየት አለበት። ማን ያሳያል? ያ መሐላ እንዴት እንደሚፈታ ራቢውን ጠየቅሁት። "መቼም መጥፎ መሐላ ነበር" አለ። አሁንም ሳቀ።

ነገ ጠዋት እነሳለሁ። በርጩማዋን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ፣ በቲርጻ ቦታ አስቀመጥኳት። ቀበቶም አሰርኩላት።