የባሕር ኃይሉ በያጅ እናት

ዲላ፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ ታረቀኝ፣

ብቻህን ከሆንክ ይህን ደብዳቤ አታንብበው። አብሮህ የሚበይደው ተሻለ አጠገብህ ይቀመጥ፤ ከዚያ ቀጥል።

እናትህ አርፈዋል። ሽማግሌዎቹ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብለው ተቆጥተውኛል። ግን ምጽዋ ድረስ ሄዶ የሚያረዳህ ማን አለ? ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ከሚስትህ ስማው ብዬ ነው።

ባሕር ኃይል ስትገባ "ብየዳ ተምሬ እመለሳለሁ" ብለኸን ነበር። ብየዳውን ተማርክ፤ መመለሱ ግን በየዓመቱ ተላለፈ። ማዕረግ ተጨመረልህ፣ ለረጅም አገልግሎትህም ሜዳይ አደረጉልህ። በነጭ የደንብ ልብስ የተነሳኸውን ፎቶግራፍ ስትልክልን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየው። የእናትህ ዓይን ግን ያኔ ፈዞ ነበር፤ ፎቶግራፉ ወረቀት ብቻ ሆነባቸው።

ለዚህ ይሆናል ሁለተኛውን ሜዳይ ለእሳቸው የላክኸው። በማዕበል መካከል የመርከቧ ጎን ተሰንጥቆ ውሃ ሲገባ፣ ስንጥቁን በብረት ደፍነህ ሰዎቹን እንዳተረፍክ የጻፍከውን በጌዴኦኛ እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። ሜዳዩን በጣታቸው ዳሰሱት።

"አለቆቹ በእሱ ፈንታ የላኩት ነው?" አሉኝ።

"አይደለም እማዬ፣ እሱም ይመጣል።"

"እንግዲያው እሱን ያስቀድሙት" ብለው መለሱልኝ።

ታመው ሲተኙ እጄን ይዘው "ታረቀኝ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። "አቤት" እላለሁ። ድምፄን እንደሚለዩት አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አላረሙኝም።

ኢዲዶ መንደር፣ ከአባትህ ጎን ቀበርናቸው። የቡና ለቀማ ስለነበር ሰው አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም ቅርጫቱን ጥሎ መጣ። ወንጌላዊ ገሪማ ሜዳዩን ሳጥኑ ላይ እንዳስቀምጥ ጠየቁኝ። "ልጃቸው ባይኖር ክብሩ ይኑር" አሉ። እምቢ አልኩ። ቦታህን ብረት እንዲይዝብህ አልፈለግሁም። ባዶውን ተውኩልህ።

አሁን ቤቱ ውስጥ የሚጠራኝ የለም፤ በአንተም ስም ቢሆን። ለሁለት ሰው ምሳ አቀርብና ተቀምጬ አየዋለሁ።

ለተጨማሪ ዓመታት ልፈርም ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ፈርምም፣ ተውም አልልህም። በእጅህ ሥራ የሰው ነፍስ ይተርፋል፤ ያንን አልንቅም። ግን ከእንግዲህ ከፎቶግራፍ ጋር አልኖርም። እስከ ዛሬ የቀረሁት እናትህን ጥዬ መምጣት ስላልሆነልኝ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሲያበቃ እነሳለሁ። በመኪናው ቡና የሚጭነው ሸምሰዲን እስከ አዲስ አበባ ሊያደርሰኝ ተስማምቷል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ባሕር ላይ ብትሆንም ግድ የለም፣ የወደቡ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። መጠበቅ እንደሆነ ዲላ ላይ ተምሬዋለሁ።

እስክደርስ እንባህን አትጨርሰው፤ አብረን እናለቅሳለን።

መንገድ ልትጀምር ያለችው ባለቤትህ፣
ዘነቡ