ለመምጫዬ ቀን የተቀመጡ ልብሶች

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ፣ መነጽሩ ተስማማሽ? ደረትሽስ፣ ሳሉ ተወሽ? «ደህና ነኝ፣ ምንም አልልም» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ አንቺ ሞት ራሱ በር ቢያንኳኳ «ደህና ነኝ፣ ግባና አረፍ በል» ነው የምትይው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር በጤናዬ ደህና ነኝ። ባለፈው በካውያ የተቃጠለው እጄም ድኗል። ማን እንደነገረሽ ባውቅ ምላሱን እተኩስለት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ስተወው ሳምንት አለፈኝ። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳና መስኮት እከፍታለሁ፤ ተመልሼ ስቀመጥ ደግሞ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ያምረኛል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «ወይ ጻፊው ወይ ተይው፣ ራሴን አታዙሪው» ስትለኝ ዛሬ ሥራ ቦታ ይዤው መጣሁ። ነፋሴ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከፊት ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ እማዬ፣ በዚህ ዓመት አልመጣም። ለሚመጣውም ዓመት አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። አልታመምኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም፣ የከለከለኝም የለም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። ከሱ በፊት ግን የተናደድኩበት ነገር አለ።

ታናሽ ወንድሜ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ሚስቱ ሣጥንሽን ፀሐይ ላስመታው ብላ ስትከፍተው የላክሁልሽ ሁሉ እንዳለ ተደርድሮ አገኘችው አለኝ። ወይን ጠጁ ካፖርት የዋጋ ወረቀቱ እንደተንጠለጠለ፣ ሹራቦቹ ከነፌስታላቸው፣ ቀሚሱም ሱቅ ውስጥ እንደታጠፈ። አንቺ ግን ያንን አንገቱ የተበላ ግራጫ ሹራብ ለብሰሽ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ በብርድ ትስያለሽ። ወንድሜ «ካፖርቱን ብትለብሺው ምናለ?» ቢልሽ «እሱ ልጄ ስትመጣ ነው፤ ቀድሜ ከለበስኩት መንገዷ ይዘጋል» አልሽው አሉ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እንደማልመጣ ለሱም ገና አልነገርኩትም ነበርና «ሥራ አለብኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ያ ካፖርት እንዴት እንደተገዛ ልንገርሽ፣ ምናልባት ቢያሳዝንሽ። ከሥራ ስመለስ በማልፍበት መንገድ ላይ አንድ ሱቅ አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ራስ የሌላት አሻንጉሊት ለብሳው ቆማ ነበር። ገብቼ ዳሰስኩት፤ ገበሩን ገለበጥኩ፣ ስፌቱን አየሁ፣ ብብቱን ሳብ ሳብ አደረግሁ። ሻጩ «ትገዣለሽ ወይስ ትፈትሻለሽ?» አለኝ። ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ ደግሞ ወጣሁ። እንዲህ ስመላለስ ሰነበትኩና በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ከአሻንጉሊቷ ላይ አውልቆ «ውሰጂውና ሁለታችንም እንረፍ» ብሎ ቀነሰልኝ። በዚያ ክረምት ጫማዬ ውኃ ያስገባ ነበር። እግሬ እየራሰ ያንቺን ካፖርት ታቅፌ ስሄድ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለብሰሽው በጎረቤት መሀል ስትንጎማለዪ ይታየኝ ነበራ። ታዲያ ለሣጥን ነው እንዴ የገዛሁት? ሣጥን ይበርደዋል?

ለራሴ ስገዛ ሌላ ሰው ነኝ። ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ሐርና ሱፍ ሳገላብጥ እውላለሁ፤ የእኔ ልብስ ማለት ግን የሥራው ሽርጥና ሁለት የሰልባጅ ሱሪዎች ናቸው። ጓደኛዬ እዚያው ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው፤ የረዘመ ታሳጥራለች፣ የጠበበ ታሰፋለች። ቀጭን ስለሆነችና አፏም ስለሚወጋ መርፌ ነው የምንላት። «ለእናትሽ ስትገዢ ንግሥት፣ ለራስሽ ስትገዢ ለማኝ» ትለኛለች። እሷ ደግሞ ደመወዝ የተቀበለች ዕለት አዲስ ነገር ለብሳ ካልወጣች ገንዘቡ የተሰጣት አይመስላትም፤ ወሩ ሲጋመስ ከእኔ ዳቦ ትቆርሳለች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ፣ እሷ እንዲያውም የሰው ልብስ ሲነካኩ መዋል የራስን ልብስ ያስርባል ባይ ናት። እሷ ስትበትን እኔ ስቋጥር፣ አንዳችን ላንዳችን መሳቂያ ሆነን እንኖራለን።

ስቆጣሽ ሰምተሽ እኔ ብልህ የሆንኩ እንዳይመስልሽ። እኔም ሣጥን አለኝ። አልጋዬ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ አንቺ ዘንድ ስመጣ የምለብሰው ተቀምጧል፤ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ፣ የአንገት ሻሽ፣ ጫማም ከነካርቶኑ። ከአውቶቡስ ስወርድ ጎረቤቱ ወጥቶ አይቶኝ «ልጅቷ አማረባት» እንዲልልሽ ብዬ ነው። ለመሞከር እንኳ ስሰስት ኖርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አየሽልኝ፣ አንቺ እዚያ ለእኔ መምጫ ታስቀምጪያለሽ፣ እኔ እዚህ ለመምጫዬ አስቀምጣለሁ፤ እናትና ልጅ ቡትቶ ለብሰን አንድ ቀን እንጠብቃለን። ያ ቀን ደግሞ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ ማናችንም አናውቀውም።

ቆይ፣ ደንበኛ መጣ።

ተመለስኩ። አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ የባላቸውን ሱሪ ቀለም እንዴት እንደነካው ሊነግሩኝ ጀምረው የባላቸውን ታሪክ በሙሉ ነግረውኝ ሄዱ። የት ነበርኩ? አዎ፣ ስለ አናጢው ልነግርሽ ነው።

ወንድሜ በደወለ ሰሞን አንድ አናጢ ደንበኛችን በትልቅ ከረጢት ልብስ ይዞ መጣ። የእናቱ ነው። እናቱ ካረፉ ቆይቷል፤ ቤታቸውን ሲያጸዳ ያገኘውን አስተኩሶ ለሚለብስ ሰው ሊሰጠው ነው። ጠረጴዛው ላይ ብዘረግፈው ሁሉም አዲስ፣ ገላ ያልነካው። «ለደግ ቀን ብላ ያኖረችው ነው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ካውያውን አሙቄ ጀመርኩ። እማዬ፣ ሳይለበስ ታጥፎ የኖረ ልብስ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? እጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር ያወጣል። ውኃ ረጨሁት፣ እንፋሎት አጠጣሁት፣ በሳሙና ሞከርኩት፤ አለቅም አለ። አንዱን ቀሚስ ዘርግቼ ካውያውን ሳስኬድበት እጥፋቱን ተከትሎ እጄ ላይ ተተረተረ። ሴትዮዋ አንድ ቀን ያልለበሱት ቀሚስ። ለሰውየው ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ ቆሜ ሳለ እዚያው ሲጠብቅ የነበረው እሱ ራሱ አየና «ተይው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብሎ አጣጥፎ ወደ ከረጢቱ መለሰው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። የጨርቁ ነገር አልነበረም፤ አንቺ ነሽ የታየሽኝ፣ ካፖርቱ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት አንቺ ደጅ ስትስዪ።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሰማያዊዋን ቀሚስ አጠለቅኳት። ዚፑ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ አልጋ ላይ ተንጋልዬ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። በሻይና በዳቦ እየኖርኩ ለካ ወፍሬያለሁ። መርፌ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ «ይቺ ቀሚስ የምትጠብቃት ልጅ እኮ ድሮ ሄዳለች፣ አንቺ ሌላ ሰው ነሽ» አለችኝ። እሷ ለቀልድ ያለችው እኔን አስለቀሰኝ። ስታየኝ ሳቋን ዋጠችና ቀሚሷን ከላዬ ገፍፋ፣ ጎኗን ፈትታ፣ ቁራጭ ጨርቅ ጨምራ አሰፋችልኝ። በማግስቱ ለብሻት ሥራ ገባሁ፤ እንፋሎቱ መሀል፣ ሽርጤን ከላይ አስሬ። ደንበኞች «ዛሬ ምን አለ?» ሲሉኝ «ማክሰኞ አለ» አልኳቸው። ምሳ ሳይደርስ የኮሌታ ማጠንከሪያው ስታርች ተረጭቶባት ነጠብጣብ ሆነች። በእርጥብ ጨርቅ ልጠርጋት ተጣደፍኩ። ከዚያ ደግሞ ተውኩት፤ ልብስ ሆነች፣ በቃ።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ፣ ብዙ አዞርኩሽ። የላውንደሪው ባለቤት አርጅተዋል፤ ወገባቸው እምቢ ብሏቸዋል። ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው ብለው ለእኔና ለመርፌ «መነሻውን አምጡ፣ የቀረውን እየሠራችሁ ትሰጡኛላችሁ» አሉን። መርፌ ቁጠባ የሚባል ስለማታውቅ የት ታመጣለች ብዬ ነበር፤ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ሸጠች። ስትበትን የኖረችው እሷ የሚሸጥ ነገር ነበራት፤ እኔ ያለኝ ወዳንቺ መምጫ ብዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ብቻ ነበር። አንቺ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትዪኝ ነበር፤ በዚህኛው ግን አልቸኮልኩም። የዕረፍት ቀኔን መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ፤ ትኬት መቁረጫው በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ፣ ደግሞ ተመለስኩ። ከዚያ ገንዘቡን ለባለቤቱ ሰጠኋቸው።

እናፍቅሻለሁ እማዬ። ድምፅሽን በስልክ ስሰማ ሆዴ ይባባል። ግን ደግሞ ጠዋት ይህን በር በራሴ ቁልፍ ስከፍተው ደስ ይለኛል፤ የሰው ዕቃ ስነካ የኖርኩ ሴት የራሴን መዝጊያ ስገፋ ትንሽ ቀና እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ደብቄ አንዱን ብቻ ብነግርሽ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስነግርሽ ደግሞ ክፉ ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል። ይኸው ነው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነሳ ሲያስቀምጠኝ የነበረው።

እንግዲህ መንገዴን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ካፖርቱ እጁ የለበትም። ብትለብሺውም ባትለብሺውም ዘንድሮ አልመጣም፤ እንግዲያውስ ይሙቅሽ። ተቆጪኝ፣ አኩርፊኝ፣ ከፈለግሽ ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትስጪኝ። በደረትሽ ግን አትቀልጂ። ሱቅ ስትሄጂ ልበሽው፣ ደጅ ስትጠርጊ ልበሽው፣ ሽንኩርት ስትልጪ ልበሽው። ዘይት ቢነካው ብለሽ አትሳቀቂ፤ የዘይት ማውጫውን እኔ አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ከእንግዲህም ልብስ የምልክልሽ የለበስሽውን በፎቶ ሳይ ብቻ ነው። ይህን ስልሽ ቂመኛ አትበይኝ፤ ካንቺ ነው የወረስኩት።

ለታናሽ ወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ነገር ስለማያሳድር ሁልጊዜ እሰድበው ነበር፣ በዚህኛው አመሰግነዋለሁ። እንደማልመጣ ከዚህ ደብዳቤ ስለሰማ እንዳይቀየመኝ፣ መጀመሪያ አንቺ እንድታውቂ ፈልጌ ነው። ለሚስቱ ከልብ የሆነ ሰላምታ፤ ሁለት ሹራብ ካለ አንዱ የሷ ነው፣ ዛሬውኑ ትልበሰው፣ አንቺም አትከራከሪያት። ትንሿ ልጃቸውን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያን የአንገት ሻሽ እልክላታለሁ፣ አሻንጉሊት ትጠቅልልበት፣ ወለል ትጥረግበት፣ እንደፈለገች። ለአጎቴም ሰላም በይልኝ፤ አንድ ሱሪ ይዘው ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ስቄባቸው ነበር፣ ለካ ቢያንስ ሱሪውን ለብሰውታል። የጓሮዋ ጎረቤታችን «ልጅሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉሽ ደግሞ እኔን ብለሽ እንዳትዋሺላቸው። «ሱቅ ከፍታለች፣ አልመጣችም፣ እኔም ተቀይሜያታለሁ» በያቸው። ሲደነቁ እጃቸውን ይዘሽ ካፖርቱን አስዳስሺያቸው።

አንቺን ጉልበትሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ። የምመጣበትን ቀን አላውቀውም፤ መምጣቴን ግን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያ ካፖርት ቀለሙ ለቅቆ፣ ኪሱ ተቀድዶ፣ ጫፉ ተተልትሎ ላግኘው። ገና ከበሩ ሳልገባ «ይሄን ቡትቶ እስካሁን ለብሰሽ ነው እንዴ? ጣይው!» ብዬ ልቆጣሽ።

ልጅሽ ነፋሴ

ከላውንደሪያችን፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ
ጥር 14 ቀን፣ ጠዋት