ጭንቅላቴን ፎቶ ሊያነሱት ነው

ኅዳር 1
አምስት ቃል መያዝ አቃታት ተባልኩ። እኔ! ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴትዮ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በግ፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ ጠበቃ፣ ቀይ ብሎ ነገረኝና ሌላ ሌላውን ሲያወራኝ ቆይቶ መልሶ ጠየቀኝ። ሎሚ ብቻ መጣልኝ። አፌ ስለደረቀ ይሆናል።

የጽጌን ጾም ይዣለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። እሱ የጠየቀኝ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጾሙ የፈቃድ ነውና ለማንም አልናገርም። "ምግብ ወስደዋል?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። በልታለች ብሎ ጻፈ።

አንድ ልጄ ዳዊት ከጎኔ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ባለፈው ክረምት ከፒያሳ በባጃጅ ስመለስ የሰፈሬ ስም ጠፍቶብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቁስቋሙን ቤቴን ዘግቼ እሱ ዘንድ እንድገባ ይጨቀጭቀኛል። ሚስቱ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅላለች። በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው።

ነገ ኤም አር አይ በሚሉት ማሽን ጭንቅላቴን ፎቶ ያነሱታል። ፎቶው ከከፋ ቤቴ ይዘጋል። ዳዊት ፊት ለፊት ነገረኝ።

ኅዳር 2
ማሽኑ ቱቦ ነው። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅ ተባለ፤ ጉትቻ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የአንገት መስቀሌም። ዳዊት እጁን ቢዘረጋም ለነርሷ ሰጠኋት። ይወቀው!

ውስጡ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ የሚውልበት ይመስላል። አትንቀሳቀሺ ስላሉኝ ወደ ጣና የሚገቡትን ወንዞች በሆዴ ጠራሁ። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል ዓባይ። ይህን ፎቶው አያሳያቸውም።

ስወጣ ዳዊት "እማዬ፣ ደከመሽ?" አለኝ።
"የሚያደክመኝ ያንተ ፊት ነው።"
ጫማዬን አቀረበልኝ። ደግነቱም አናደደኝ።

ኅዳር 3
የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ልጄን ከሰስኩ። ነገሬን ሁሉ ሰምተው የጠየቁኝ ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ ጾሙ ነው።

"ምነው ልጄ! ሐኪም ሲጠይቅሽ መደበቅ ትሕትና ነው እንዴ? እሱማ ሐሰት ነው። በይ፣ በልተሽ ሂጂና ሸጋ አድርገሽ ንገሪው።"

ተናደድኩ። እውነታቸውን ስለሆነ ደግሞ ባሰብኝ። ለዳዊት ደውዬ ጾሜን ነገርኩት።

"በዚህ ዕድሜሽ ውኃ ሳትጠጪ ትውያለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። ዘጋሁበት። ቆይቶ እሱው ደወለ፤ ሐኪሙ ጥያቄውን ሊደግምልኝ ተስማምቷል።

ኅዳር 5
ሽሮዬን በልቼ፣ ውኃዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ሐኪሙ ሌላ አምስት ቃል ሰጠኝ፤ አራቱን መለስኩለት። ዘወር ስል የዳዊት ዓይን እንባ አቅርሯል። ልራራለት ስል ተውኩት፤ ገና ቂሜ አልወጣም።

ቀጥሎ ፎቶውን አሳየን። ይህ ሁሉ ጠብ በአንድ ግራጫ ስዕል።

"ትዝታ የሚያዝበት ቦታ ትንሽ ሟሟ ብሏል" አለ ሐኪሙ። "በእርስዎ ዕድሜ በብዙ ሰው ላይ ይታያል። ፎቶ ብቻውን አይፈርድም። ዛሬ ጥሩ መልሰዋል፤ ቤትዎ መኖር ይችላሉ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ይመለሱ።"

አሸነፍኩ። ዳዊት ቤቴ ድረስ አደረሰኝ፤ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያቺ አምስተኛዋ ቃል ግን እስካሁን አልመጣችልኝም። ፈርቻለሁ። ሟሟ ያለው ነገር ተመልሶ እንደማይሞላ ሐኪም እስኪነግረኝ አልጠብቅም።

ዳዊት ሊሄድ ጫማውን ሲያደርግ "ዛሬ እዚሁ እደር" አልኩት።

ጫማውን መልሶ አወለቀ።

ይኸው ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ያንኳኳል። በጨው ብዛት ሊጨርሰኝ ነው፤ ተነስቼ ልየው።