ጋሽ አህመዲን ያነበቡት የሌለ መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ አሰበ ተፈሪ

ከአዲስ አበባ ይዣቸው የመጣኋቸው መጻሕፍት አለቁ። በመምህራን ሻይ ክበብ ሰሌዳ ላይ በየጠዋቱ ከልቦለድ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል አጎድዬ። የጎደለውን ላገኘ ሰው ሻዩን ሌሎቻችን እንከፍልለታለን። ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ያወቀኝ በዚህ ነው፤ እንዴት ልተወው? ዛሬ ከራሴ ፈጠርኩ፦

«ሰውየው ከሄደ በኋላ ወንበሩ ........ ይመስል ነበር።»

ከድሮ ልቦለድ ነው አልኩ። መልሴ «ያዘነ» ነበር።

የጂኦግራፊው ጋሽ አህመዲን ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ያኮረፈ» አሉ። «ወላሂ፣ በልጅነቴ አንብቤዋለሁ።»

ከእኔ ቃል በለጠ። ትክክል ነው አልኳቸው።

ከሰዓት ለባዮሎጂዋ ሰናይት ነገርኳት። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ረቡዕ

ምናለ አፌን ብዘጋ። ሁሉም ሰምቷል። ሻይ ላይ የስፖርቱ ቶለራ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ጋሽ አህመዲን፣ ያ ሰውዬ ኋላ ተመለሰ እንዴ?» አላቸው።

«አልተመለሰም፤ እዚያው ቀረ» አሉ።

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጓድ ዲሬክተሩ ሳይቀሩ። «መጽሐፉ እኮ የለም» አለ ቶለራ፣ «ደራሲው ይኸውላችሁ።»

ጋሽ አህመዲን እኔን አዩኝ። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ። አባቴን የሚያክሉ ሰው፤ በሰው ፊት፤ ያውም ምለው።

ሐሙስ

ሻይ አልመጡም። ወንበራቸው ልክ እንዳሉት ሆኗል። ሰሌዳውን አጠፋሁት፤ ምንም አልጻፍኩበትም። ሰናይትን ተቆጣኋት። «አትንገሪ አላልከኝም» አለች። እውነቷን ነው።

ዓርብ

የወንድማቸው ሱቅ ሄድኩ፤ የሂርና መኪኖች የሚቆሙበት ጋ። መጀመሪያ እንዳላየ አልፌው ነበር። ጫታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ። «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ» ብቻ አልኩ።

ቅጠል ሲመርጡ ቆዩ። «አንተ የሌለ መጽሐፍ ጠቀስክ፣ እኔ አነበብኩት። ማን ከማን ይሻላል? የከበደኝ ሳቁ አይደለም። ወላሂ ብያለሁ።»

የእኔ ቃል «ያዘነ» እንደነበር ነገርኳቸው።

«አይሆንም። ያኮረፈ ነው።» አንድ ቅጠል ቀንጥሰው፣ «ያንን ሰውዬ ጨርሰህ ጻፈው» አሉ። «ላንብበውና መሐላዬ እንኳ ይቅለልልኝ።»

ሰኞ ሻይ ይመጡ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ወረቀት ገዝቼ ገባሁ። እስካሁን ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ውስጥ ደህናው ቃል የሳቸው ነው።