የወደቀ መኖ

ሐምሌ 6 ቀን 2007
ዝናብ። ፀጋነሽ ዛሬ ከጢሞቲዎስ ጋር ባሕር ዳር ሄደች። ልጃችን ሥራውን ትቶ ነው የወሰዳት። እንቅርቱ ዘንድሮ ትንፋሽ ከለከላት፣ ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ አይሆንም አሉ። መነኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘኋት። ስለ ራሷ አንድ ቃል አልወጣትም። ወሬዋ ሁሉ ዶሮ! «ገሠሠ፣ መሬት የወደቀውን መኖ እንዳትመልስላቸው። ጠርገህ ጣለው።» እሺ አልኳት። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!»

እኔንስ ለማን አደራ ሰጠችኝ?

ሐምሌ 9
እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች ጉድ ናቸው። መመገቢያውን ጢም አድርጌ እሞላላቸዋለሁ፣ በምንቃራቸው ወዲያ ወዲህ እየገፉ ያፈሱታል። በቆሎውን ለቀም፣ ፉርሽካውን ወደ ውጭ። ጥጋበኞች! ጭዱ ላይ የፈሰሰው ሌላ መንጋ ይቀልባል። ፀጋነሽ ይኸን ሁሉ ዘመን ጠርጋ ስትጥል ኖራለች... እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ ጥዬ አላውቅም። ከቁራጩ ኪስ ይወጣል፣ ከዚያ ከተረፈው የሕፃን ቆብ። እህል የሚጣለው በምን ሕግ ነው?

ሐምሌ 12፣ እሑድ
ጸሎት ቤት ስለ አምስቱ እንጀራ ተሰበከ። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ፍርፋሪው ተሰበሰበ። ወንጌላዊው፣ «አያችሁ ወገኖች፣ ያን ተአምር ያደረገ ጌታ እንኳ ፍርፋሪ አልናቀም!» ሁሉም አሜን አለ። ከሁሉም እኔ ጮክ ብዬ።

ቤት እንደገባሁ መጥረጊያና ሰፌድ አነሳሁ። ጭዱን አራገፍኩ፣ ኩሱን ለቀምኩ፣ ጥግ ለጥግ የተከማቸውን ሁሉ አበጠርኩ። ስንት መኖ! እርጥብ ነው እንጂ። በእንጅባራ ሐምሌ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ አሰጣሁት። ጭሱ ያደርቀዋል።

ሐምሌ 17
ደረቀ። ትንሽ ይሸታል፣ ግን ደረቀ። ከአዲሱ ጋር ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። በሉ! የዛሬውንም ጠርጌ ቆጡ ላይ አወጣሁ።

ማታ ፀጋነሽ ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «...የወደቀውን... ትጥላለህ?» «እጥላለሁ» አልኳት። ከዚያ ማዶ ሆና ምን ታያለች?

ሐምሌ 21
የአጥር ጎረቤታችን እመቤት መጣች። ሁለት የሐበሻ ዶሮዎች አሏት፣ ያሏትም እነሱ ብቻ ናቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እጅ አጥሯታል። «ጋሼ፣ ከተረፈ ለኔዎቹ እፍኝ ቢሰጡኝ?» ከቆጡ አውርጄ ሰፌድ ሙሉ ሰጠኋት። «ዛሬስ የፈረንጅ ምግብ ቀመሱ!» እያለች እየሳቀች ሄደች። ደስ አለኝ። ይኸው፣ ምንም ሳይባክን ጽድቅም ተገኘበት።

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ እንቁላል ማን ይገዛል? ዶሮዎቹ ግን ጾም አያውቁ። ሱባኤው እስኪያልፍ የቆጡን ብቻ ልስጣቸው። ለነገሩ እንቁላሉም ቀንሷል... ብርዱ ይሆናል።

ነሐሴ 5
ጠዋት ዶሮ ቤቱን ስከፍት ሦስቱ ክንፋቸውን ጥለው ሞተዋል። ከቀሩትም ገሚሶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ኩርምት ብለዋል። ፈንግል ገብቶ ይሆን? ከጓሮ ቀበርኳቸው።

ፀጋነሽ ነገ ትቆረጣለች። ማታ ደወለች። «ዶሮዎቼ እንዴት ናቸው?» ምን ልበላት? ነገ ቢላዋ ሥር ለምትተኛ ሴት... «ደኅና ናቸው። ጥጋባቸው አልቻልኩትም» አልኳት። ሳቀች። ጥርት ያለ ሳቅ።

ነሐሴ 6
ጢሞቲዎስ ደወለ። በሰላም ወጥታለች። ተመስገን! ድምፅዋ ግን አልወጣም አለኝ። ሐኪሙ ይመለሳል ብሏል። መቼ? እሱንም አያውቅ።

ዛሬም ሞቱ። መቆፈሪያ ቦታ እያጣሁ ነው።

ነሐሴ 8
እመቤት እያለቀሰች መጣች። ሁለቱም ዶሮዎቿ ሞቱ። «ፈንግል ነው ጋሼ። የእርስዎንም ፈጀ፣ የኔንም ፈጀ።» አዎ፣ ፈንግል ነው አልኳት። እግዜር ያውቃል ብላ ሄደች።

ነሐሴ 9
የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ደጉን ጠራሁት። አንዷን ቀደዳት። ጉበቷ ቢጫ፣ በእጅ ሲነካ የሚፈርስ። «ፈንግል አይመስለኝም። ምንድን ነው የሚበሉት?» ዓይኔ ወደ ቆጡ ሄደ። እሱም ቀና ብሎ አየ። ወጥቶ እፍኝ አወረደ፣ አሸተተ፣ ወደ ብርሃን ወስዶ አሳየኝ። አረንጓዴ ብናኝ። በየቀኑ በእጄ እያፈስኩት እንዴት አላየሁትም?

«ጋሼ ገሠሠ፣ ይኸ እኮ ሻግቷል። አንዴ ከሻገተ ቢደርቅም መርዙ አይለቅም።»

ስብከቱን ልንገረው? አፈርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ስንቱን ሴት ስቄባታለሁ።

ነሐሴ 10፣ እሑድ
ጸሎት ቤት አልሄድኩም።

ነሐሴ 14
ለእመቤት ነገርኳት። ፈንግል አይደለም፣ ከኔ ሰፌድ ነው አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ቆማ ሰማችኝና፣ «እትዬ ፀጋነሽ ያውቃሉ?» ብቻ አለች።

ነሐሴ 24
መጣች። ከስታለች። አንገቷ በነጠላ ተጠቅልሏል። ቤት ሳትገባ ቀጥታ ወደ ዶሮ ቤት። የመኖውን ጣሳ አነሳችና በጣቷ ኳ ኳ አደረገች፣ እንደ ልማዷ። ድሮ ይኸን ሲሰሙ ነበር በላይ በላይዋ የሚወጡት።

አንዲት ወጣች። አንካሳዋ። በሌሎቹ እየተገፋች ከቆጡ መኖ ብዙ ያልደረሳት እሷ ብቻ ናት።

ሁሉንም ነገርኳት። መጥረጊያውን፣ ጭሱን፣ በስልክ የዋሸሁትን። አየችኝ። ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም። ቁስሉ ነው? ወይስ...

ጳጉሜን 3
ቁስሉ ነው እያልኩ ነበር። በእጇ ታሳየኛለች፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ በር ዝጋ። ዛሬ ከአጥሩ በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ። እመቤት ትናገራለች፣ የምትመልስላት ፀጋነሽ ናት። የሻከረ፣ የቀጠነ፣ ግን ድምፅ። ለካ ድምፅ አላት። የሌላት ለእኔ ነው። ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳልሰፋ ዋልኩ።

መስከረም 2 ቀን 2008
በዓሉ አለፈ። እንኳን አደረሰህም አላለችኝ።

ዛሬ ከሰዓት አዲሱን ኬሻ ፈታች። ጣሳ ሙሉ ቀድታ ለአንካሳዋ በተነችላት። ጭቃው ላይ። ደግማ ቀዳች፣ በተነች። ለአንዲት ዶሮ! ግቢው በመኖ ተሸፈነ። አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር፣ ዋጥኩት። አንካሳዋ ጥቂት ለቀመችና ጥላው ሄደች።

ዝናቡ ያንጠባጥብ ጀመር። ፀጋነሽ ከደጃፉ መጥረጊያውን አንስታ ሰጠችኝ። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረችኝ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ።

«በል፣ ሰብስብ እንጂ።»

ዝናቡ ወረደ። መጥረጊያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።