ቅጠል የሌለበት ብልቃጥ

መጋቢት 4
የበረሃውን ቅጠል ስፈጭ ዋልኩ። አቧራው ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሜታኖል በሚባለው አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የሚስቴ ታናሽ ወንድም አጠገቤ ዕቃ እያጠበ ያፏጫል። አንድ ላቦራቶሪ ስንመደብ ሚስቴ «ወንድሜን አደራ» ብላኝ ነበር… ፉጨቱ ያበግነኛል።

መጋቢት 19
ወጣ! ጭማቂውን ነጭ ዱቄት በተሞላው የመስታወት ዓምድ አሳልፌ፣ መጨረሻ ላይ ከቱቦው የጠራ ዘይት ጠብ ጠብ አለ። ውህዶችን በሚለየው ሰሌዳ ላይ አንድ ነጠብጣብ ብቻ ታየ። ማንም ያላገኘው ውህድ ቢሆንስ? ለላቦራቶሪው አለቃ ነገርኩት። ጨበጠኝ።

መጋቢት 22
የሚስቴ ወንድም በአለቃ ፊት «ከቅጠሉ ባይሆንስ?» አለ። «እስቲ ቅጠል ሳትጨምር ሜታኖሉን ብቻ አሳልፈው። የላስቲክ ቱቦም እኮ ዘይት ይለቃል።»
«ቀናህ?» አልኩት።
ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ በምንህ ልቅና?»
ደሜ ፈላ። በእጄ በያዝኩት ብልቃጥ ፊቱን መታሁት። ሲሰበርም ደገምኩት። ግራ ዓይኑን ይዞ ወደቀ፤ ደሙ ከቅጠሉ ዱቄት ጋር ተለወሰ። አለቃ በሩን ከፍቶ ሮጠ።
ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ።

መጋቢት 23
ዓይኑ ፈሷል። ሚስቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጫማዋን አውልቃ ፊቴን ደበደበችኝ። «አደራ በላ! አደራ በላ!» ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ወንድሟ ግን ለፖሊስ «ብልቃጥ ፈንድቶብኝ ነው» አለ። አለቃም ያንኑ ደገመ። ለምን ያድነኛል?

መጋቢት 27
ቅናቱን ላጋልጥ ብዬ ሜታኖሉን ብቻ አሳለፍኩ። ቅጠል የሚባል የለበትም። ያው ዘይት… ያው ነጠብጣብ፣ እዚያው ቦታ ላይ።
የላስቲክ ላብ ነው ለካ ሳጠራቅም የከረምኩት! ዓምዱን በብረት መቆሚያው አደቀቅኩት። ስብርባሪው መዳፌን ዘለዘለው። የምመታው ሰው ባጠገቤ አልነበረም።

ሚያዝያ 2
ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጠችኝ።
«ከቱቦው ነው፤ ልክ ነበርክ» አልኩት ወንድሟን።
ይሰድበኛል ስል አንገቱን ደፋ። «ቱቦውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የመስታወቱ ሲታጠብ ተሰበረብኝ። እንዳትመታኝ ፈርቼ… በላስቲክ ተካሁት።»
ሚስቴ ዞራ አየችኝ።
ይህን የምጽፈው ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው። ተረኛው ፖሊስ አሁን ጠራኝ። ብልቃጡ አልፈነዳም ልለው ነው።